መለየትና መጣል
ስለ ተላላፊ በሽታ ዘመን ለካህናትና ለምእመናን የቀረበ ትምህርት

ኅዳር 12 ቀን የሊቀ መላእክት የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚከበርበት ዕለት በነፋስ ስልክ፣ በጎፋ፣ በሳሪስና በላፍቶ፣ በሌላውም የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ ቆሻሻ በየደጁ እየተጠረገ ሲቃጠል እናያለን። ልጆች «ኅዳር ሲታጠን ነው» ይላሉ፤ ልማዱ ከየት እንደ መጣ የሚያውቁት ግን እያነሱ ሄደዋል። ታሪኩ እንዲህ ነው። በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በርትቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው የተነሡት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ከቤተ ሰቡ ሁሉ አንድ ጤነኛ ያልተረፈበት ቤት ብዙ ስለ ነበረ ውኃ የሚያቀብል፣ ሬሳ የሚያነሣ፣ መቃብር የሚቈፍር ታጣ። ሕዝባችንም ያን ጊዜ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰይሞ እስከ ዛሬ ያስበዋል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለወሬ አይደለም። በየዘመኑ የሚመላለስ አንድ ብርቱ ጥያቄ ስላለበት ነው። ክርስቲያን ሲታመም ሊጠይቁት፣ ሲሞት ሊቀብሩት፣ ሲያዝን ሊያጽናኑት ታዝዘናል፤ ይህ ሁሉ በመቅረብ የሚፈጸም ነው። ነገር ግን በሽታው በትንፋሽና በእጅ የሚተላለፍ በሆነ ጊዜ የሚቀርበው ሰው ለሌላው ሞት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ፍቅር «ቅረብ» ሲል ጥንቃቄ «ራቅ» ይላል። እንግዲህ ለየትኛው እንታዘዝ? እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው መለየትና መጣል አንድ አለመሆናቸውን ነው። መለየት በሕግም በፍቅርም የተፈቀደ ነው፤ መጣል ግን በማናቸውም ዘመን አልተፈቀደም።

የሕጉ ሥርዓት

የሕመምተኛ መለየት ትናንት የመጣ የሐኪሞች ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ንና ምዕራፍ 14ን ይመልከት። በዚያ የለምጽ ሕግ በተጻፈበት ስፍራ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ካህኑ ራሱ ሕመሙን ማየቱ ነው፤ በወሬና በጥርጣሬ ሰው ከሰፈር እንዲወጣ አልተፈቀደም። ሁለተኛው ቀን መወሰኑ ነው፤ የተጠረጠረው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቆይና በሰባተኛው ቀን እንደ ገና ይታያል፤ ፍርዱም ካልተቈረጠ ሰባት ቀን ይጨመርለታል። ሦስተኛው ካህኑ ከሰፈር ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ስለ ምን ይወጣል ቢሉ፣ የተለየው ሰው ድኖ እንደ ሆነ ለማየትና ወደ ወገኖቹ ለመመለስ ነው። እንግዲህ ያ ሕግ በሽተኛውን ከሰፈር ሲያወጣ ካህኑንም ተከትሎ እንዲወጣ ያዝዘዋል። በር የዘጋው እርሱ ስለ ሆነ በሩን የመክፈት ዕዳም በእርሱ ላይ ነው።

ዛሬ በሽታን መመርመር የሐኪም ሥራ ነው፤ በኦሪት የተጻፈውም ለምጽ ዛሬ በምናውቀው በሽታ ሁሉ ላይ እንዳለ የሚተረጐም አይደለም። ሥርዓቱ ያስተማረን ፍርድ ግን አላረጀም። ሰውን የምንለየው አይተን፣ ቀን ወስነን፣ ሄደን ለመጠየቅም ቃል ገብተን ይሁን። ከእነዚህ አንዱ የጐደለበት መለየት ወደ መጣል ያዘነብላል።

መጣል ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አንሄድም። ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙ በማይርቀው በዘነበወርቅ በልዕልቲቱ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነበረ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማእከል በዚያው ተቋቋመ። በዙሪያው የሰፈሩት ብዙዎች ከየአገሩ ከዘመድና ከርስት ተለይተው የመጡ ነበሩ። በመድኃኒት ከዳኑ በኋላ እንኳ ወደ መንደራቸው የሚመልሳቸው ስላጡ በዚያው ቀሩ። የሥጋ ደዌ በቀላሉ የማይተላለፍና ፈጽሞ የሚድን መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ፍርሃቱ ግን ከበሽታው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ጌታችን ለምጻሙን በእጁ ዳስሶ ካነጻው በኋላ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ የላከው ለምንድን ነው ቢሉ፣ ከሥጋው መንጻት ጋር ወደ ማኅበሩ መመለሱም እንዲፈጸምለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ደጅ በተዘጋ ጊዜ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ በአንድ ስፍራ መሰብሰብም ተከለከለ። በሰሙነ ሕማማት፣ ሚያዝያ 11 ቀን በዋለውም የትንሣኤ በዓል ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት በመቅደስ ሲያገለግሉ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን እየተከታተሉ ጸለዩ። ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ርቀው የማያውቁ አረጋውያን እናቶች በተዘጋ ደጅ ፊት በመንገድ ላይ ሲሰግዱ ያየ ሰው ሐዘኑን አይረሳውም።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች ጠይቀዋል፤ ዛሬም የሚጠይቁ አሉ። «ይህ የእምነት ማነስ አይደለምን? ሰማዕታት እሳትና ሰይፍ ሳይፈሩ እኛ ሳል እንፍራን?» ይላሉ። ጥያቄው ከፍቅረ እግዚአብሔር የመነጨ ስለ ሆነ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ ግን ይህ ነው። ሰማዕት አሳልፎ የሚሰጠው የራሱን ሥጋ ነው፤ የጎረቤቱን ሥጋ አሳልፎ ሊሰጥ ሥልጣን የለውም። በሽታው ሳይታወቀው በውስጡ ያለበት ጕልማሳ በሕዝብ መካከል ተጋፍቶ ቢቆም መከራውን የሚቀበሉት እርሱ ሳይሆን በአጠገቡ የቆሙት ሽማግሌ ናቸው። ዲያብሎስ ጌታችንን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በፈተነው ጊዜ ጌታችን የተስፋውን ቃል ሳይክድ ተስፋውን ለመፈታተኛ ማድረግን እንደ ነቀፈ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እናነባለን። ራስን መወርወር ከተነቀፈ ሌላውን ይዞ መወርወርማ ምን ያህል ይነቀፍ!

ይህን ስንል ግን ደጅ መዝጋት በራሱ ጽድቅ ነው ማለታችን አይደለም። ደጅ የዘጋ ሁሉ ባለ ዕዳ ነው። ዕዳውም ምንድን ነው ቢሉ፣ በደጁ ይኖር የነበረው ሰው ነው። በጎፋ ቅዱስ ገብርኤልም ሆነ በሌላው ደብር ደጅ የሚቀመጡ ነዳያን የዕለት ምግባቸው ከበዓል ሕዝብ እጅ ነው፤ ሕዝቡ በቤቱ ሲቀር እነርሱ ይጾማሉ። በሳሪስና በላፍቶ በቀን ሥራ የሚያድር ሠራተኛ በቤቱ እንዲቀመጥ ሲታዘዝ ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ በእርስዋም አምስትና ስድስት ሆነው ይተኛሉ፤ ሞሰቡም ባዶ ነው። «እጅህን ታጠብ» የሚለው ትእዛዝም ውኃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ቤት እንደ ተረት ይሰማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አከራዮች ተከራዮችን እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ፣ አሠሪዎችም ሠራተኞችን እንዳያሰናብቱ መከልከሉ ይህን ዕዳ በማሰብ ነበረ። ሕጉ በሁሉ ስፍራ መፈጸሙ ሌላ ነገር ነው፤ አሳቡ ግን ትክክለኛ ነው። ሰውን ከእንጀራው የሚለይ ትእዛዝ እንጀራ ይዞ መምጣት ይገባዋል። ሰበካ ጉባኤ፣ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበርም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደሉም። ማኅበሩ በአንድ ገበታ መብላቱን ቢያቆም ድግሱ ወደ ድኾች ቤት ይሂድ እንጂ አይቅር።

የታመመውንስ ማን ይጠይቀው? ሰፈራችን «ነፋስ ስልክ» የሚለውን ስም ያገኘው ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚሄደው የሬዲዮ መልእክት ነው። ይህ ስም ለዘመናችን ካህን አንድ ምክር ይሰጣል። እጅ ሊደርስ ባልቻለበት ድምፅ ይድረስ። የንስሐ አባት ልጁ በለይቶ ማቆያ በተኛ ጊዜ በስልክ ሊያጽናናው፣ ሊጸልይለት፣ የቤተ ሰቡንም ደኅንነት ሊነግረው ይችላል። ምሥጢራት ግን በስልክ አይፈጸሙም። ስለዚህ ሕመምተኛው ለሞት ቀርቦ ካህን ሲሻ ካህኑ የሐኪሙን መመሪያ ተቀብሎ፣ መሸፈኛውንና ጓንቱን አድርጎ ሊሄድ ይገባዋል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ የመራቅ ምልክት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ለሚርቅ ሰው መሸፈኛ ምን ይረባዋል? መሸፈኛ የሚያስፈልገው ለሚቀርብ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ቸነፈር በገባ ጊዜ 14ኛው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዲዮናስዮስ እንደ ጻፉት አሕዛብ ሕመምተኞቻቸውን ወደ መንገድ ሲጥሉ ክርስቲያኖች ግን ያስታምሙ ነበር፤ ብዙዎቹም ከሚያስታምሟቸው ጋር ሞቱ። እነዚያ አባቶች እኛ ያለንን ዕውቀት ሳያገኙ ቀረቡ፤ እኛ በሽታውን ሳናዛምት መቅረብ የምንችልበትን ዕውቀት ይዘን ብንሸሽ ምን መልስ አለን?

ስለ ቀብርና ስለ ለቅሶ

በአገራችን ከሕመሙ ይልቅ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ቀብር ነው። ሬሳን ማጠብ፣ መገነዝ፣ ማልቀስ፣ በዕድር ድንኳን ሰብሰብ ብሎ ሐዘንተኛውን ማስተዛዘን የፍቅራችን ጌጥ ነው። ጦቢት የወገኖቹን ሬሳ በመቅበሩ ሀብቱን አጣ፤ ሕይወቱንም ለአደጋ ሰጠ፤ እግዚአብሔርም ሥራውን አልረሳለትም። ነገር ግን በሬሳ ንክኪ የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ መከሠቱ የተገለጸው ማርበርግ የተባለው ብርቱ በሽታ በሕመምተኛው ደምና ከሰውነቱ በሚወጣ ፈሳሽ ይተላለፋል፤ ከሞተም በኋላ ሬሳውን በባዶ እጅ የሚያጥበውን ሰው ይይዛል። በዚህ ጊዜ ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ የሚቀነሰውንና የማይቀነሰውን መለየት ያስፈልጋል። የሕዝቡ ብዛት ይቀነሳል፤ ጸሎተ ፍትሐቱ ግን አይቀነስም። ማጠቡና መገነዙ ለሠለጠኑት ይተዋል፤ ሟቹ በክርስትና ስሙ መጠራቱ ግን ለማንም አይተውም። ለቅሶው ቢዘገይ ተዝካሩ በበሽታው ማብቂያ ጊዜ ሰፋ ተደርጎ ሊታሰብ ይችላል። የመንግሥት ሹማምንትና የጤና ሠራተኞችም በበኩላቸው ሬሳ ሲቀብሩ ካህንና አንድ ሁለት የሥጋ ዘመድ በርቀት እንዲቆሙ ይፍቀዱ። ልጅ የእናቱን መቃብር ሳያውቅ የቀረ እንደ ሆነ በሽታው ሲያልፍ ቂሙ አያልፍም፤ በሌላም ወረርሽኝ ጊዜ ሕመምተኛውን ይሸሽገዋል።

ስለ ጸበል

ጸበል የእግዚአብሔር ቸርነት መገለጫ ነው፤ በእርሱም የዳኑ ብዙ ምስክሮች አሉ። ስለዚህ ነው ንጽሕናውን መጠበቅ የካህናት ግዴታ የሚሆነው። በ2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ስፍራ በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ ገብቶ ብዙዎች ታመዋል፤ የሞቱም ነበሩ። የኮሌራ ተሐዋሲ የሚተላለፈው ከሰው ዐይነ ምድር ጋር በተቀላቀለ ውኃና ምግብ ነው። ብዙ ሺህ ሰው ንጹሕ የመጠጥ ውኃና መጸዳጃ ቤት በሌለበት በረሃ ሲሰበሰብ በሽታው ይሠራጫል፤ ወደየአገሩ የሚመለሰውም መንገደኛ ይዞት ይሄዳል። ይህን መናገር ጸበሉን መንቀፍ ነውን? አይደለም። ጉድለቱ የእኛ የጠባቂዎቹ እንጂ የጸበሉ አይደለም። መጸዳጃው ከምንጩ በላይ እንዳይቆፈር፣ ሁሉ በአንድ ጣሳ እንዳይጠጣ፣ በወረርሽኝ ጊዜም መንገደኛው ለጥቂት ሳምንታት ጕዞውን እንዲያዘገይ ማስተማር የአስተዳዳሪው ሥራ ነው።

መድኃኒትና ጸሎት ተቃዋሚዎች አይደሉም። ነቢዩ ኢሳይያስ የንጉሥ ሕዝቅያስን ጸሎት መሰማት ካበሠረ በኋላ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንዲገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ከዚህ ትምህርት የተገኘ ነው። «ክትባት» የሚለው ቃል እንኳ «ከተበ» ማለት «ጻፈ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ የገዛ ቋንቋችን ቃል ነው፤ ፈንጣጣም በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ከአገራችን የጠፋው በክትባት ነው።

እውነትን ስለ መናገርና ስለ ማካፈል

በወረርሽኝ ጊዜ ሁለት ዐይነት ሐሰት ይነግሣል። የመጀመሪያው የበሽታውን ስም መሸሸግ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአዲስ አበባ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ በአጭሩም «አተት» እየተባለ ተነገረ። ይህ ስም የሕመሙን ምልክት እንጂ መንሥኤውን አይናገርም። ሕዝብ እንዳይደነግጥ፣ ንግድም እንዳይቆም ብሎ ስም ማለዘብ ቸርነት ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ጠላቱን በስሙ ያልሰማ ሰው በሙሉ ልቡ አይጠነቀቅም። አንድ ቀን እውነቱ የተሸሸገው ሕዝብ በማግሥቱ እውነት ቢነገረውም አያምንም።

ሁለተኛው ሐሰት በሽታውን የአንድ ወገን ኃጢአት ማድረግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የውጭ አገር ሰዎች በመንገዳችን ላይ «ኮሮና» እየተባሉ ተሰድበዋል፤ ወረርሽኙ በገባባቸው ቤቶችም ቤተ ሰብ ሁሉ ተጠቍሮ ነበር። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ተጭኖ የገደላቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጥኣን እንዳልነበሩ አስተምሮ ሰሚዎቹን ሁሉ ወደ ንስሐ መልሷል። ስለዚህ ካህን በዐውደ ምሕረት ላይ «ሁላችን ንስሐ እንግባ» ሊል ይገባዋል፤ «እነ እገሌ ባመጡት ኃጢአት ነው» ሊል ግን አይገባውም። እንዲህ ያለው ስብከት ሕመምተኛውን ወደ ጓዳ ያስገባዋል፤ በጓዳ የተሸሸገ ሕመምም ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል።

ከእውነት ቀጥሎ የሚመጣው ማካፈል ነው። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ክትባት 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ሆኖ ወደ አገራችን ሲገባ ባለጠጎች አገሮች ቀድመው ለራሳቸው ብዙ አዘጋጅተው ነበር። ለእኛ የደረሰው ለሕዝባችን ብዛት ጥቂት ስለ ነበረ አስቀድሞ ለጤና ሠራተኞች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያንና ጽኑ ሕመም ላለባቸው እንዲሰጥ ተወሰነ። ይህ ፍርድ ቅን ነው። ስለ ሌላው ራሱን ለአደጋ የሚሰጥና በበሽታው ፊት የደከመ ይቅደም። ገንዘብና ዘመድ ያለው ሁሉ ከተራው ዘልሎ ሲገባ ግን በጥቂቱ መድኃኒት ላይ ስርቆት ይጨመራል፤ የተሰረቀውም የአንድ ምስኪን ሽማግሌ እስትንፋስ ነው።

ከመምጣቱ በፊት

በኮሮና በአገራችን መሞታቸው የተመዘገበው ብቻ ከ7500 በላይ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን አስታውቋል፤ የወረርሽኝ ዘመን ሁሉ አበቃ ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ካህናት አባቶችና ወንድሞች፣ ምእመናንም ሆይ፣ ቀኑ ሳይጨልም የምናዘጋጀው አለን። በየሰበካው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና ሕሙማን ዛሬ ይመዝገቡ፤ ደጅ የተዘጋ ዕለት የሚያንኳኳላቸው ሰው ስሙ ይታወቅ። ከዕድርና ከሙዳየ ምጽዋት ለዚህ ጊዜ የሚሆን ጥቂት ይቀመጥ። ከካህናትና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል ሕመምተኛን ያለ ጕዳት መጠየቅን፣ ሬሳንም በጥንቃቄ መሸኘትን ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚማሩ ይመረጡ። ሁሉ ይሂድ አንልም፤ ሽማግሌውና ሕመምተኛው ካህን በቤቱ ሆኖ ይጸልይ፤ ብርቱው ይሂድ። አንድም የሚሄድ የሌለበት ደብር ግን ሕመምተኞቹን ለይቷል ሳይሆን ጥሏል ይባላል።

አሮን ካህኑ በሕዝቡ መካከል መቅሠፍት በጀመረ ጊዜ ጥናውን ይዞ ወደ ጉባኤው መካከል እንደ ሮጠ፣ በሙታንና በሕያዋንም መካከል እንደ ቆመ ኦሪት ዘኍልቍ ይነግረናል። በ2012 ዓ.ም. ካህናት አባቶቻችን ጥና ይዘው ባዶ በቀሩት የአዲስ አበባ መንገዶች እያጠኑ ሲዞሩ ይህን ምሳሌ ተከትለዋል። የካህን ስፍራው በዚያ ነው፤ ሕያዋንን እንዳይሞቱ እየጠበቀ፣ የሚሞቱትንም ብቻቸውን እንዳይቀሩ እየቀረበ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ለዚህ አገልግሎት እግዚአብሔር ጥበቡንና ድፍረቱን ለሁላችን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።